ስም አውጪው ተመልካች

የአዲስ አበባ ስታዲየም በተወሳ ቁጥር ብዕር የሚሾለው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብጾችን 4 ለ 2 ረትተው የአፍሪካን ዋንጫ ላነሡት ለእነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ነው። ይገባቸዋል። ተመልካቹ ግን ከሥነ ጽሑፋችን ደጃፍ ቀርቷል።

ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፤ እነዚህ የመቀመጫ ስሞች በአዋጅ የወጡ አይደሉም። በጦርነት የታመሰች የኮንጎ ግዛት የጯኺዎች ሰፈር መጠሪያ ሆነች። «ከማን አንሼ» ደግሞ ኩራትን ከነስላቁ በሁለት ቃል ቋጥሯል (ስንቱ ገጣሚ በሁለት ገጽ አቅቶታል!)።

በትያትራችን ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ድምፅ የሚጮኽ አጃቢ ነው። የካታንጋ ሰው ግን ዳኛውን ይዘልፋል፣ የገዛ ቡድኑን ያሽሟጥጣል፣ ወዲያው ያለቅስለታል። ጸሐፌ ተውኔት ይህን ቋንቋ ተቀምጦ ሊማረው ይገባል፤ ወንበሮቹ ቁጥር ሲለጠፍባቸው ስሞቹ አብረው ሳይፋቁ።