እየተጠሩ የማይታዩ ፊልሞች

ፊልም ወዳድ የሚባል ሰው ካያቸው ፊልሞች ይልቅ በስም ብቻ የሚያውቃቸው ይበዛሉ። አንዳንድ ፊልም በጨዋታ መካከል ሲነሣ አዘጋጁ ማን እንደ ሆነ፣ የት አገር እንደ ተሸለመ፣ ታሪኩ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚናገር አይጠፋም፤ ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ያየው ግን ከተሰበሰቡት መካከል ጥቂት ነው። ይህ በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነገር ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ መነሻው ከተመልካች ስንፍና ይልቅ የፊልሙ ኮፒ የሚጓዝበት፣ ወይም ሳይጓዝ የሚቀርበት መንገድ ነው፤ ጉዳቱም ከተመልካቹ አልፎ ፊልም ሠሪውን ይነካል።

በአዲስ አበባ የፊልም ባለሙያዎች ወግ ውስጥ ደጋግመው የሚጠሩት ሥራዎች የታወቁ ናቸው። በ1957 ዓ.ም. በኢላላ ኢብሳ ደራሲነትና በግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ አዘጋጅነት የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረዥም ልብ ወለድ ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» ስሙን ያገኘው በኦሮሞ ዘንድ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሳ ከፍሎ ደም ከሚያደርቅበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዛሬ ለአገር ውስጥ ፊልሞች የሚሰጠው የጉማ ሽልማት በዚህ ፊልም ይጠራል። የሽልማቱ ስም ከመድረክ በተነገረ ቁጥር የፊልሙ ስም በብዙ ሺህ ጆሮ ይደርሳል፤ ከተሸላሚዎቹ ወጣቶች መካከል ፊልሙን ለማየት ዕድል ያገኙት ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ ግን ማንንም መውቀስ ሳይሆን የሙያውን ውርስ አካሄድ መመርመር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ፤ እርሱ ብዙ የሚወራለት በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍም ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

ወደ እርሱ ከመግባታችን በፊት ግን ፊልም ወደ ተመልካች ይደርስ የነበረበትን መንገድ እንይ። በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉት ሰፈሮች ያደገ ተመልካች ፊልም ያገኝ የነበረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ፒያሳ በመውረድ በሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም በሲኒማ አምፒር የሚታየውን መመልከት ነበር፤ ሁለተኛው የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ማለት ጥቂት ገንዘብ እየተከፈለ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ከፊት በተቀመጠ ቴሌቪዥን የካሴት ፊልም የሚያዩበት ጠባብ ክፍል ነበር። በዚህ ክፍል የሕንድ ፊልም፣ የአሜሪካ ድብድብና የሆንግ ኮንግ ካራቴ ይታይ ነበር፤ ካሴታቸው በቀላሉ የሚባዛና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ስለ ነበር ነው። እንደ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ማለትም ከመደበኛው የሲኒማ ቤት 35 ሚሊ ሜትር ጠበብ ባለና የራሱን ማሳያ መሣሪያ በሚፈልግ ጥቅል ላይ የተነሣ ሥራ ግን ኮፒው ባሕር ማዶ ሆኖ ሳለ በዚያ በር የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የጉለሌው ልጅ የሕንዱን ተዋናይ ዘፈን በቃሉ ሲያውቅ የገዛ አገሩን ገበሬ የሚያሳየውን ፊልም በወሬ ብቻ ሰማ፤ ይህም የምርጫ ጉዳይ አልነበረም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በቪዲዮና በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩት የአማርኛ ፊልሞች ሲበዙም ነገሩ በሌላ መልክ ቀጠለ። ፊልሙ ይመረቅ ነበር፤ በከተማው ሲኒማ ቤቶች ለሳምንታት ወይም ለወራት ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፕሮዲውሰሩ ሲዲው በወጣ ማግሥት ያለ ፈቃድ ተባዝቶ በየመንገዱ እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ ሥራውን ለሕዝብ ሳያወጣ ያቆየው ነበር፤ ፖስተሩና የማጀቢያ ዘፈኑ ሰው ዘንድ ሲቀሩ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር። ዛሬ ዩቲዩብ ብዙዎቹን መልሶ አውጥቷቸዋል፤ ሆኖም ምስላቸው ደብዝዞ፣ ድምፃቸው ተበላሽቶ፣ አንዳንዴም በማስታወቂያ ተቆራርጠው ስለሚገኙ፣ እነርሱን በስልክ ማየት አየሁ ለማለት የሚያበቃ ቢሆንም ሥራውን ለማወቅ የሚያበቃ መሆኑ ያጠራጥራል። መሰናክሉ ሁልጊዜ የገበያ ብቻ አይደለም፤ በ35 ሚሊ ሜትር የተነሣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በታች ያሉት የዘመን ቁጥሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ካገኘ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት በፍርድ ቤት እግድ ሳይታይ ቀርቷል። በኋላ መታየቱ ባይቀርም፣ ወሬው ከፊልሙ ቀድሞ መላ ከተማውን ማዳረሱ ግን የተለመደው ነው።

ከፊልሙ ይልቅ ስሙ ቀድሞ መጓዙ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ ነው የሚል ካለ የአልፍሬድ ሂችኮክን «ቨርቲጎ» ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ይህ የ1958 ፊልም የመብቱ ባለቤት የነበረው አዘጋጅ ከገበያ ስላነሣው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1983 ገደማ በሕጋዊ መንገድ ለማየት አስቸጋሪ ነበር፤ የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በየ10 ዓመቱ ከሐያስያን ድምፅ እየሰበሰበ በሚያወጣው የምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ የገባው ግን በዚያው በጠፋበት ዘመን፣ በ1982 ነው፤ በ2012 ደግሞ አንደኛ ሆነ። በ2022 አንደኛነቱን የወሰደው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንዲት የቤት እመቤት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ገበያ ስትወጣ ከ3 ሰዓት በላይ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ዜናውን ከሰማው ዓለም ውስጥ ብዙው ስሙን ያወቀው ሳያየው ነው። እንግዲህ ፊልም በሌለበትም ይከበራል ማለት ነው። ጥያቄው በሌለበት ሊያስተምር ይችላል ወይ የሚለው ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም አይችልም የሚል ነው።

ምክንያቱ ከፊልም ውስጥ በአፍ ሊነገር የሚችለውና የማይችለው የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ታሪክ ይነገራል፤ መልእክት ይነገራል፤ ሽልማት ይነገራል። አንድ ምስል ሳይቆረጥ የቆየበት ጊዜ፣ ሰው ከመናገሩ በፊት ያለው ዝምታ፣ ብርሃኑ በፊት ላይ ያረፈበት ማዕዘን፣ ከምስሉ ውጭ የሚሰማው ድምፅ ግን በአፍ አይተላለፉም። የፊልም ሥራ ሙያ የሚኖረው ደግሞ በእነዚህ በማይነገሩት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራዎቹ ሳይታዩ ስማቸው ብቻ በሚወረስበት ቦታ አዲሱ ትውልድ የቀደመውን ትውልድ ሐሳብ ይወርሳል እንጂ እጁን አይወርስም።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የዚህ ዋነኛ ምስክር ነው። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወልዶ፣ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ በጻፈው በገሪማ ታፈረ ቤት አድጎ፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያጠና ነው ወደ አገሩ ተመልሶ ይህን ሥራ ያነሣው። ጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው አዲሱ ሥርዓት ገና ያልረጋበት ነበር፤ ቀረጻው በሁለት ሳምንት ገደማ አለቀ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ርዝመቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ በካንና በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫሎች ታይቷል። ታሪኩን በጥቂት ቃላት መናገር ይቻላል፤ የአንድ ባለ መሬት ጭሰኛ የሆነ ቤተሰብ አለ፤ መሬቱን የተነጠቀና ሰዎች እብድ የሚሉት ከበበ የሚባል የቀድሞ አርበኛ አለ፤ መጨረሻው ደም መፍሰስ ነው። በየውይይቱ የሚነገረውም ይኸው ነው፤ ፊልሙ ስለ ፊውዳል ሥርዓት፣ ስለ መሬት፣ ስለ አብዮት ነው ይባላል፤ እውነትም ነው።

ተቀምጦ ለሚያየው ባለሙያ ግን ሌላ ፊልም ይገለጥለታል። ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹ ይነሣሉ፤ ካሜራውም ለሥራ ሲሰማሩ ራቅ ብሎ ይጠብቃል እንጂ አይቸኩልም፤ እርሻው፣ ጥበቃው፣ ምግቡ እንደ ዕለቱ ልማድ ደጋግሞ ይመጣል። ድግግሞሹ ተመልካቹን ያደክመዋል፤ ድካሙም የታሰበበት ነው፤ የሺህ ዓመታት ጫና በንግግር ከሚገለጽ ይልቅ በተመልካቹ ትከሻ ላይ በጊዜ መልክ እንዲያርፍ ተደርጓልና። ባለ መሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ፣ የእርሱ አለመንቀሳቀስና የሌሎቹ አለማረፍ በአንድ ምስል ውስጥ ሲታዩ፣ ስለ ጭቆና የሚደረግ ንግግር ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ገበሬዎች እንደ በሬ ተጠምደው በሚታዩበት የሕልም ትዕይንት ደግሞ ፊልሙ ከዕለት ኑሮ ወደ ምሳሌ የሚሻገረው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሽግግሩ የሚያስደነግጠው ከዚያ በፊት ያለው ትዕግሥት ስላዘጋጀው ነው። ይህን ትዕይንት ብቻ ቆርጦ በስልክ የሚያይ ሰው ጠንካራ ምስል ማየቱ አይቀርም፤ ያንን ምስል ያጠነከረው ግን ቀድሞት የመጣው ረዥም ሰዓት መሆኑን ሊያውቅ አይችልም።

በአማርኛ ፊልም ውስጥ ዛሬ ደጋግሞ የሚታየው ድክመት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ብዙ ባለሙያ ከመድረክ ቴአትር የመጣ በመሆኑ በቃለ ተውኔት፣ ማለትም በተዋንያን ንግግር፣ የመተማመን ልማድ አለ፤ ይህ ጥሩ ጆሮና ጥሩ ቋንቋ ስላተረፈ የሚናቅ ሀብት አይደለም። ነገር ግን ገጸ ባሕርይዋ ማዘኗን ከፊቷ ካየነው በኋላ ማዘኗን ደግማ ትነግረናለች፤ ቀጥሎ ሙዚቃው ይነግረናል፤ አዘጋጁ ዝምታውን አያምነውም። ዝምታን ማመን ደግሞ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም፤ ዝምታን ያመነ ሰው ሥራ ፊት ተቀምጦ፣ ተሰላችቶ፣ ተቁነጥንጦ፣ ከዚያም መሰልቸቱ ወደ ማስተዋል ሲለወጥ በራስ ላይ አይቶ የሚገኝ ነው። ይህን የማየት ዕድል የነበረው በአማርኛ በተሠራ፣ በአገሩ ገበሬ ፊት በተሞላ ፊልም ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ባለሙያው ዝምታን ከጃፓንና ከኢራን ፊልሞች ለመማር መገደዱ የሚያስቆጭ ነው።

እንግዲህ ሥራው ፊልሙን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ በሚገባ ማሳየትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በጉለሌ አንድ የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ለዚህ ይበቃል፤ የሚያስፈልገው ግን በጥንቃቄ የተሟላ ዝግጅት ነው። መስኮቱ በሚገባ መሸፈን አለበት፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ግማሹ ነገር ያለው በጥላው ውስጥ ስለ ሆነ ከውጭ የሚገባ ብርሃን ጥላውን አጥቦ ያጠፋዋል። የምስሉ መጠን፣ ማለትም የወርዱና የቁመቱ ምጥጥን፣ እንደ ተነሣበት ይጠበቅ፤ የድሮውን ጠባብ ምስል ሸራውን ለመሙላት ወደ ጎን መለጠጥ የሰውን ፊት ያበላሻል። ድምፁ ከፕሮጀክተሩ ትንሽ ሣጥን ሳይሆን ከሸራው አጠገብ ከተቀመጠ ድምፅ ማጉያ ይውጣ። ዋናው ነገር ደግሞ ፊልሙ ሳይቋረጥ መታየቱ ነው፤ ስለ ርዝመቱ ይቅርታ በመጠየቅ የሚጀምር አስተዋዋቂ ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ሰዓቱን እንዲመለከት ያደርገዋል። ማብራሪያው ከፊልሙ በኋላ ይሁን፤ ውይይቱም «መልእክቱ ምንድን ነው» በሚል አይጀመር፤ ይህ ጥያቄ ፊልሙን መልሶ ወደሚነገረው ክፍሉ ይጎትተዋልና። ይልቁንም «ለመውጣት ያሰባችሁት የት ላይ ነበር፣ ለምንስ ቀራችሁ» ብሎ መጠየቅ ተመልካቹን ወደ ምስሉ ርዝመትና ወደ አቆራረጡ ይመራዋል።

ያላዩትን አየሁ የማለት ልማድም በዚህ ዓይነት ጉባኤ ሊለዝብ ይችላል። ባለሙያ የተባለ ሰው አላየሁትም ለማለት የሚከብደው መናቅን ስለሚፈራ ነው፤ ትልልቆቹ ቀድመው አላየነውም ሲሉ ግን ወጣቱ ነጻ ይወጣል። ሁሉንም ዝነኛ ፊልም ማየት ግዴታ አይደለም፤ ያልታዩ ፊልሞች ዝርዝር እንደ ዕዳ መዝገብ የሚያስጨንቅ መሆን የለበትም። ለአንድ የአማርኛ ፊልም ሠሪ ግን በቋንቋው የተሠሩት ጥቂት መሠረታዊ ሥራዎች በዝርዝሩ ላይ እንዳሉ ሊቀሩ አይገባም።

ቅደም ተከተሉን በሚመለከት በ«ምርት» መጀመር ለብዙ ወጣት ተመልካች ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ፊልሞች ታላቅ ጉባኤ በሆነው በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት ባገኘው በሌላው የኃይሌ ገሪማ ሥራ፣ በ«ጤዛ» መጀመር ይሻላል፤ ቀለም አለው፤ የደርግን ዘመን ከወላጆቹ የሰማ ሁሉ የሚገባበት በር አለው፤ በጀርመን ተምሮ፣ አካሉ ጎድሎ ወደ እናቱ መንደር የሚመለሰው አንበርብር የአንድ ትውልድ ሁሉ ሕይወት ነው። በ«ጤዛ» ትዝታው ተሰባብሮ፣ ጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተዘዋወረ፣ ምስሉ በፍጥነት እየተቆረጠ ይመጣል። በሳምንቱ «ምርት» ሲታይ ያው እጅ ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ያንኑ የገጠር ሰው በረዥሙ፣ ሳይቆርጥ እንዴት እንደ ተመለከተው ይገለጣል፤ አንድ ቀን የቅንብር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወጣትም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አዘጋጁ መቁረጥን የጀመረው የት ላይ እንደ ሆነና በየትኞቹ ቦታዎች አሁንም ለመቁረጥ እንዳልፈቀደ ትዕይንት በትዕይንት ሊከታተል ይችላል።