ከዘፋኙ ልደት በፊት

«ይህን ዘፈን ለመሥራት ምን አነሳሳህ?» ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ የሚያገኘውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ፍቅር»፣ «የሕዝቡ ኑሮ»፣ «እንዲሁ መጣልኝ»። ከዚህ መልስ አልፎ መሄድን የተማርኩት በአካል ከማላውቀው ሰው፣ ከአሜሪካዊው ቲሞቲ ኋይት ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቢልቦርድ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። በሰኔ 2002 ገና በ50 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ።

ኋይት የዘፈንን ምንጭ ሲፈልግ ከዘፋኙ ልደት ወደ ኋላ ይሻገር ነበር። የብራያን ዊልሰንንና የባንዱን የቢች ቦይስን ታሪክ ሲጽፍ የዊልሰን ቤተሰብ ከካንሳስ ወደ ካሊፎርኒያ የፈለሰበትን ዘመን ቆፈረ፤ ለዘፋኙ ጄምስ ቴይለር ደግሞ እስከ ስኮትላንድ ድረስ የዘር ሐረግ ቆጠረ። ለእኛ የሚቀርበን በ1983 ያሳተመው የቦብ ማርሌ የሕይወት ታሪክ ነው። ማርሌን በሕይወት ሳለ ደጋግሞ አነጋግሮታል። መጽሐፉ ውስጥ ግን የአፄ ኃይለ ሥላሴም ታሪክ ሰፊ ቦታ አለው፤ ደግሞም ይገባዋል። «ዋር» የተባለው ዘፈን ቃሉን የወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የዲፕሎማሲ ንግግር ኪንግስተን ሲደርስ ለምን እንደ ጸሎት ተዜመ? መልሱን ከማርሌ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ ጃንሆይ በ1966 ጃማይካ ሲገቡ ማርሌ ራሱ አሜሪካ ነበር፤ በዓይኗ ያየቻቸው ባለቤቱ ሪታ ናት። ማርሌን ብቻ ጠይቆ የተመለሰ ጋዜጠኛ ይህ ክር ያመልጠዋል።

እኔም ጥያቄዬን ቀየርኩ። አንድ አንጋፋ የዜማ ደራሲ ስለ አንድ የትዝታ ዘፈኑ ስጠይቀው «እንዲሁ መጣልኝ» አለኝና ቡናውን ፉት አለ። ስለ ዘፈኑ መጠየቁን ትቼ ያደገበት ቤት ግድግዳ ከማን ጋር ይዋሰን እንደነበር ጠየቅሁት። ስኒውን አስቀመጠ። ጎረቤቱ የነበሩ አዛውንት በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና ይደረድሩ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚተኛው ከጭቃው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ አመታታቸውን አሳየኝ፤ የዘፈኑ መግቢያ ቁልጭ ብሎ መጣ። ለካ እሱም እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋለውም ነበር።

ከኋይት የምለይበትም አለ። በማርሌ መጽሐፉ ውስጥ እሱ ያልነበረበትን ንግግር እንደ ልብ ወለድ በገጸ ባሕርያት አፍ ያስገባል። ትረካው ይስባል፤ ነገር ግን ምስክሩ የተናገረውና ጸሐፊው የገመተው ሲቀላቀሉ አንባቢ የቱን ይመን? በቴፑ ላይ የሌለውን እኔ አልጽፍም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የጠየቃቸው ሰዎች አልረሱትም። በዚያው በ2002 መጸው ጄምስ ቴይለር፣ ስቲንግ፣ ጆን ሜለንካምፕና ሌሎችም በቦስተንና በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ቆመው ለቤተሰቡ መርጃ ዘፈኑ።