የፈንጣጣው አባት መጽሐፍና ክንዱን የዘረጋው ሰው

ስለ ሚሲዮናውያን በመካከላችን ሲነሣ ነገሩ ኹልጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል፤ ወይ ጻድቃን ናቸው፣ ወይ ሰላዮች ናቸው። እስቲ ዛሬ ሁለቱንም እንተውና መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ እንየው።

መጽሐፉ የካርዲናል ማሳያ፣ በእኛ አጠራር የአቡነ ማስያስ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት የሚሲዮን ትዝታ ነው። ማስያስ በ1846 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ገቡ፤ ነጋዴ መስለው በሱዳን በኩል ዞረው ኦሮሞ አገር የደረሱት ግን በ1852 ነው። ከከፋ በ1861 ተባረሩ፤ በ1868 ሸዋ፣ ምኒልክ ዘንድ ደረሱ፤ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ማስታወሻዎቻቸው ስለ ጠፉ አብዛኛውን ከትዝታ ጻፉት፤ ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጽ ታተመ።

የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ከነገሥታቱ ወሬ ላይ አይደለም፤ ከዕለት ኑሮው ላይ ነው። በወጣትነታቸው በቶሪኖ ሆስፒታል የነፍስ አባት ሳሉ የቀሰሟት ሕክምና እዚህ እንጀራቸው ኾነች። ጦር ባለፈበት ሁሉ ፈንጣጣ ይከተላል፤ እሳቸውም ይከትባሉ። ሕዝቡም «የፈንጣጣ አባት» አላቸው። ከስብከታቸው ይልቅ መርፌያቸው ቀድማ ደረሰች ብል አላጋነንሁም።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ክንዱን የዘረጋው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን ጥቂት ነው። መጣ፣ ተከተበ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ እኮ በአገራችን ከማስያስ በፊትም የታወቀ ነበር። እንግዲያው ያ ሕዝብ የተሰበሰበው ተአምር ሊያይ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር የተሻለ የሚሠራ ሰው ስላገኘ ነው። ይኸን የሚመዝን አእምሮ ከታማሚው ዘንድ እንደ ነበረ ደራሲው አጉልተው አላሳዩንም።

ሌላም አለ። ያው የሚከትበው እጅ ለምኒልክ ከጣሊያን ጋር የሚጻጻፍ እጅ ነበር። በ1878 ዮሐንስና ምኒልክ ልቼ ላይ ሲታረቁ የማስያስ መባረር አብሮ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማስያስ ያረፉት በ1889 ነው፤ የውጫሌ ውል በተፈረመበት ዓመት መኾኑ ነው። ስለዚህ «ሐኪም ወይስ ፖለቲከኛ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሁለቱንም ነበሩ፤ መጽሐፉም የሚጥመው ሁለቱ ሲጋጩ ነው።

ውጫሌ ለእኔ የታሪክ መጽሐፍ ስም ብቻ አይደለም፤ ከውርጌሳችን ወደ ደሴ ሲኬድ የምናልፍባት ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ውርጌሳ ላይ ሲደርስ፣ አክስቴ ወባ ይዟት ዛፍ ሥር ተኝታ ነበር። አንዲት የጤና ሠራተኛ የቀረቻትን ክኒን በመቀነቷ ቋጥራ ከጥግ ጥግ ትዞር ነበር። ለአክስቴም ደረሰቻት። ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ በ1980 እ.ኤ.አ. ታወጀ፤ ጦርነትና ወባ ግን አብረው መሄዳቸውን አልተዉም።

ያችን ሴት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ 12 ቅጽ ግን የላትም። ማስያስ የራሳቸውን ጽፈዋል፤ ስለ ጻፉ አንወቅሳቸውም። ብዕር የያዝን እኛ ነን፤ የአክስቴን ቃል ሳይጽፉ ቀሩ ብለን ማንን ልንከስ ነው?