ሰው የሌለበት ኮረኮንች

መንገድ በእኛ አገር ሦስት ስም አለው፤ አስፋልት፣ ፒስታ፣ ኮረኮንች። ልዩነታቸውን ከመሐንዲሱ ይልቅ የተሳፋሪ ወገብ ያውቀዋል። አስፋልት ላይ ተሳፋሪው ያንቀላፋል። ፒስታ ላይ አቧራውን እየቃመ በ"መስኮት ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ" ይጨቃጨቃል። ኮረኮንች ላይ ሲገባ ግን የሚያውቀውን ታቦት ሁሉ በየስሙ መጥራት ይጀምራል። ሹፌሩ "ከዚህ በኋላ ኮረኮንች ነው" ካለ መርዶ አረዳ ማለት ነው።

ታዲያ ይህንኑ መርዶ ፍለጋ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ብስክሌት ገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ ቢሏችሁ እመኑ። አስፋልት ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ ጠጠር ሲያገኝ "ተመስገን" የሚል ሰው። ፈረንጆቹ ስፖርቱን የሚጠሩት በዚሁ በጠጠሩ ስም ነው። ብስክሌቱ ሲያዩት የእሽቅድምድም ይመስላል፤ ማኑብሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠማዟል። ጎማው ግን ሰፊ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ። ብዙ ጊዜ ከመነዳሪ የለውም፤ ድንጋዩን እንዲለምደው ነፋሱም ቀነስ ይደረግለታል። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ከኤምፖሪያ ከተማ የሚነሣው 200 ማይል ውድድር በ2006 ሲጀመር የጥቂት ሰዎች ዕብደት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)። በ2022 ስፖርቱ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና ተደረገለት፤ ጣሊያን አገር።

በስፖርቱ ላይ ምንም ክስ የለኝም። ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ወገቡ! የእኔ ጉዳይ ከጽሑፉ ጋር ነው። ሐይቅ፣ ሸለቆና የተራራ በር እያቆራረጡ ስለሚጓዙት ብስክሌተኞች የሚጻፈው፣ የሚቀረጸውና በየመጽሔቱ በሙሉ ገጽ የሚወጣው ነገር ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል። የዘርፉ ሕግም አይናወጥም። ጎህ ሲቀድ ድንኳን ይፈታል። ዳገት አለ። አቀበቱ መሐል ተስፋ መቁረጥ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጸጥታ አለ። ማታ እሳት ይነዳል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ድርሰት ተማሪ ቢያመጣልኝ ኅዳጉ ላይ የምጽፍለት አንድ ነገር ነበር፦ "መቼቱ ተትረፍርፏል፤ ገጸ ባሕርያቱ የት ሄዱ?" ያሉት ተራኪው ከነጭኑ፣ ዳገቱም ከነተንኮሉ ብቻ ናቸውና።

ነገሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ለሚያልፍ ብስክሌተኛ አብያታ ዳር የተነሣ ፎቶግራፍ ግዴታ ነው። ነጭ፣ ለጥ ያለ፣ ማለቂያ የሌለው ዳርቻ፤ መሐሉ ላይ አንድ ብስክሌት፤ ከበስተኋላ ሐይቁ እንደ ክር ቀጥኖ። "ጨረቃ ላይ የወረድኩ መሰለኝ" ዓይነት ነገር ከሥሩ ይጻፋል። እውነትም ፎቶው ያምራል። ግን ያ ነጭ ሜዳ ምንድን ነው? ሐይቁ ነዋ! ውኃው ሸሽቶ የቀረው ወለል ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚመጣለት ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከሐይቁ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ሄደ። ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ይብራዎች ድሮ አብያታ ጎራ ብለው ይቀለቡ ነበር፤ አሁን ለጫጩታቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር አለባቸው። እንግዲህ ያ "ጨረቃ" የሐይቅ ሬሳ ነው። ፎቶ አንሺው አላወቀም ብዬ አይደለም የምወቅሰው። ሐይቁ ዳር ከብት የሚያጠጣ ልጅ ስላለ፣ "ውኃው ድሮ እስከ የት ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ልጁ በእጁ ያሳየዋል። ያንጊዜ ፎቶው ወሬ ይኖረው ነበር።

ወደ ደቡብ እንውረድ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው ጠጠር መንገድ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጓዥ ሠርግ ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሣና 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 2,700 ሜትር ያልፋል። በየመጠምዘዣው ዘወር ባሉ ቁጥር አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ። ብስክሌተኛው ሜትሩን ይቆጥራል፣ የልብ ምቱን ይቆጥራል፣ የመጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ዳገቱ ላይ ግን እሱ ብቻውን አይደለም። ሸክም ያዘሉ ሴቶች በዚያው አቀበት፣ በዚያው ፀሐይ፣ ያለ ጎማ ይወጣሉ። የእነሱን የልብ ምት የለካ የለም። ደግሞ ይህ መንገድ የታሪክ መንገድ ነው። የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያቸውን ይዘው የወረዱት በዚህ ተራራ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ነጠላና ጋቢ ቁልቁል ብትከተሉት እዚህ ያደርሳችኋል። ይህን ሁሉ ትቶ "ያልተነካ ምድር" ብሎ መጻፍ ምን ማለት ነው? በእንሰትና በእርከን የተሞላ ተራራ እንዴት ብሎ ነው ያልተነካ?

"ያልተነካ" የምትለዋ ቃል ከሁሉም በላይ ታናድደኛለች። መንገዱ ያልተነካው በጀት ስላላገኘ ነው። ከዚያ መንደር ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ ያደርሷታል። ኮረኮንቹ ለአንዱ ጀብዱ፣ ለሌላው የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ መጻፍ የሚያቅት አይመስለኝም።

አሁን ወደ "ዩ" እንምጣ። በኢትዮጵያ ያለፈ ብስክሌተኛ ስለ ልጆቻችን ሳይጽፍ አይቀርም። በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚዘልቀው ቱር ዳፍሪክ በአገራችን ሲያልፍ ተሳታፊዎቹን የዓባይ በረሃን ዳገት በሰዓት ያስለካ ነበር፤ ግን ከዓባይ ዳገት ይልቅ የሚወራው የልጆቹ ድንጋይ ነው። ልጆች ይሮጣሉ፣ "ዩ! ዩ! ዩ!" ይላሉ፣ አንዳንዱ ይወረውራል። ድንጋይ መወርወሩ ነውር ነው፤ ጥብቅና አልቆምለትም። ሰው ተጎድቶበታል። "ዩ"ን ግን እንደ ስድብ የሚሰማት ብስክሌተኛ የቋንቋ ትምህርት ያንሰዋል። "አንተ!" ማለት እኮ ነው! ስሙን የማያውቁትን ሰው እኛ በምን እንጠራለን? "አንተ! ና እስቲ!" ልጁ ከትምህርት ቤት ባገኛት አንዲት ቃል ተርጉሞ ጠራው፤ ተጠሪው ዝም ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። (ለታላቅ ሰው "አንተ" አይባልም የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን "እርስዎ" የለውም፤ ልጁ ምን ያድርግ?) መንገድ ላይ ያለ ጥሪ መልስ ይፈልጋል። ከነዚያ ሁሉ ጽሑፎች ውስጥ ቆሞ "አቤት" ያለ ተራኪ ሲገኝ ወዲያው ይታወቃል፤ ገጹ ውስጥ ድንገት ሰው ይገባበታል፣ ስም ይመጣል፣ ቀልድ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቻልም እንዳትሉኝ። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1963 እስከ ሕንድ ድረስ በብስክሌት የተጓዘች ሴት ናት። ወደ እኛ ስትመጣ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ ያዘች። ከምፅዋ ተነሥታ ስሜንን፣ ጣናንና ላሊበላን አካልላ አዲስ አበባ ገባች፤ መጽሐፏ በ1968 ወጣ። የእንግዳ ዓይኗ ያዳለጣት ቦታ የለም አልልም፤ አንዳንድ ፍርዷ ያንገበግባል። ነገር ግን በየገበሬው ጎጆ እያደረች፣ ጠላ እየጠጣች፣ በቁንጫ እየተበላች ስለጻፈችው መጽሐፉ ውስጥ ባለቤት ያለው ቤት አለ። ፍጥነቷ የበቅሎ ስለነበር ነው ብትሉ ብስክሌትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዳገት ላይማ እኩል ናቸው። ብስክሌተኛ መስታወት የለበትም፤ ላቡ ይታያል፣ ሰላምታው ይሰማል፣ ሲወድቅ ያነሡታል። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ኮርቻ ከየት ይመጣል? እድሉ ባከነ ነው የምለው።

ስለ መስታወት ካነሣሁ፣ እኛስ? በነጭ ላንድክሩዘር መስኮቱን ዘግቶ፣ "መስክ ወጣሁ" ብሎ አበል የሚፈርመው የአዲስ አበባ ሰው ከብስክሌተኛው ሩቡን እንኳ አያይም። አቧራውን ለእግረኛው ትቶለት ያልፋል። የሚጽፈውም ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ውስጥ ደግሞ "ተጠቃሚ" እንጂ ሰው የለም። ብስክሌተኛ አጥተንም አይደለም። እነገረመው ደንቦባ በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የጋለቡ ናቸው፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በልጅነታቸው የለመዱትን ዳገት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? የጻፈላቸው ወይም ያጻፋቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። አሁንማ በሰሜን በ2020 ከተነሣው ጦርነት፣ በአማራ ክልልም ከ2023 ወዲህ ካለው ግጭት የተነሣ ብዙው መንገድ ለብስክሌተኛ ቀርቶ ለገበያተኛም አስጊ ሆኗል።

ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ጀመር አድርገውታል። በ2021 ማሳይ ማራ አካባቢ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ከውጭዎቹ ጋር በራሳቸው ጠጠር ላይ እንዲፋለሙ የአራት ቀን ውድድር ተቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ በ2022 አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ውድድር ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ አረፈ። ከዚያ ወገን የሚወጡትን ፊልሞች ስመለከት ልዩነቱ ቶሎ ይታየኛል፤ ካሜራው ልጆቹ ጋ ሲደርስ አይሸሽም። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚቀርጸው።

የፈረንጆቹን ካርታ ደግሞ ልብ በሉልኝ። አንድ ኮረኮንች አስፋልት ሲለብስ "ተበላሸ" ተብሎ ይሠረዝና ሌላ ፍለጋ ይወጣል። በዚያው ቀን መንደሩ ሰንጋ ጥሎ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ሽማግሌው መርቆ፣ ሴቶቹ እልል ብለው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይቀበላሉ። ያን ድግስ የጻፈ ብስክሌተኛ እስካሁን አላነበብኩም።