ማሟሟቂያ ወይስ ማምለጫ?

ብዕር ከማንሳታቸው በፊት በቃላት ጨዋታ አእምሯቸውን የሚያሟሙቁ ወጣት ጸሐፊዎች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዎርድል የዚህ ጥሩ ናሙና ነው፤ በቀን አንድ ባለ 5 ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል፣ 6 ሙከራ፣ ከዚያ እስከ ነገ ዝግ። ልክ ማወቁ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ተጫዋቹ ያገኘዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ከአገራችን ቅኔ ቤት ጋር አስተያዩት። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ከቃል ጋር ይታገላል፤ ጀማሪው ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል። ሰሙን ከወርቁ ማስማማት እንቆቅልሽ ነው፤ ሆኖም መልሱን ማንም አላስቀመጠለትም። ቆጥሮ ሲጨርስም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ልምምዱ ራሱ ሥራ ነው።

በልጅነት እንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ እዚህ የምንሰጠው ግን ማለዳችንን ነው።

ስለዚህ የአርብ ገበያ ወጣቶች፣ ጨዋታውን በፍሬው መዝኑት። ከጨዋታው በኋላ የራሳችሁን አንድ ስንኝ ጽፋችሁ ለሚያርም ሰው ካነበባችሁ፣ ማሟሟቂያ ነበር። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ማምለጫ ነው፤ መዝሙሩን የሚጠብቀው ኅብረትም ገና እየጠበቀ ነው።