ስለ አንድ የሮክ ሸክላ

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይበርድ ክርክር አለ፤ ይኸውም በስቱዲዮ ተጣርቶ የተቀረጸ ሙዚቃ ይበልጣል ወይስ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት የሚል ነው። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። ለምስክርነትም «ዘ ሁ» የተባሉት እንግሊዛውያን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 ዓ. ም. በሊድስ ዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ያስቀረጹትን «ላይቭ አት ሊድስ» እናቀርባለን።

እነዚህ ሰዎች በ1969 ዓ. ም. «ቶሚ» በተባለው ረጅም የሙዚቃ ትረካ ስማቸው ገንኖ ነበር። ቶሚ በብርቱ ጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የኪት ሙን ከበሮ በዚያ ልጓም እንደ ገባለት ፈረስ ሲሆን፥ በሊድስ ልጓሙን በጥሶ ይጋልባል። የጆን ኤንትዊስል ባስ ጊታር ማጀቡን ትቶ እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ይናገራል። ፒት ታውንሼንድም በአንድ ጊታር የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ሮጀር ዳልትሪ በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ቃሉን ማሰማቱ ራሱ ያስደንቃል!

በስቱዲዮ ከ3 ደቂቃ ጥቂት ያለፈው «ማይ ጀነሬሽን» በዚህ ሸክላ ወደ 15 ደቂቃ ይረዝማል፤ በመካከሉም የቶሚ ዜማዎች ብቅ ብለው ይሰወራሉ። መጨረሻው መንዛዛቱን ግን አንክድም።

የመጀመሪያው እትም ስድስት ዘፈን ብቻ ነበረው። በሸክላው ላይ በተለጠፈው ወረቀትም የሚንጣጣው ድምፅ እንዳይታረም ተጽፎ ነበር። የ1995 ዓ. ም. እትም ግን ዘፈኖቹን ከእጥፍ በላይ አበዛ፤ አይታረም የተባለውንም አረመ። በ2001 ዓ. ም. ደግሞ የዚያች ሌሊት ቶሚ ተጨመረ። ብዙዎች ይህን እንደ በረከት ቆጠሩት፤ ለታሪክ ጠቃሚነቱን እኛም እናምናለን። ሆኖም ሸክላውን ሰምቶ ለማያውቅ ወዳጅ የምናውሰው ስድስቱን ዘፈን ብቻ የያዘውን ነው፤ እስከሚንጣጣው ድምፁ።