እውነት ብቻዋን አትጠራም
ስለ «ጀስት መርሲ» መጽሐፍና ፊልም

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት መምህሩ ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት «ጀስት መርሲ» (ፍትሐዊ ምሕረት) ይህን ብሂል ይፈትነዋል። ንጋት ማንም ባይጠብቀውም ይመጣል። በሐሰት የተፈረደበት ሰው እውነት ግን መዝገብ የሚያገላብጥላት ካላገኘች ከባለቤቷ ጋር ልትቀበር ትችላለች።

የመጽሐፉ ዋና ታሪክ የዋልተር ማክሚሊያን ነው። በአላባማ ግዛት፣ በሞንሮቪል ከተማ፣ በ1986 አንዲት ነጭ ወጣት ተገደለች። ጥቁሩ ማክሚሊያን በዚያች ሰዓት ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዓሣ እየተጠበሰ ይሸጥበት ከነበረው ቤቱ እንዳልራቀ ያዩ ብዙዎች ቢሆኑም ሰሚ አላገኙም። በ1987 ተይዞ ገና ሳይፈረድበት ከሞት ፍርደኞች ጋር ታሰረ። በ1988 ችሎቱ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ፤ ጁሪው የዕድሜ ልክ እስራት ቢመክርም ዳኛው ቅጣቱን ወደ ሞት አከበዱት። አላባማ ይህን የዳኞች ሥልጣን የሻረችው በ2017 ነው። በኋላ ዋናው ምስክር በሐሰት መመስከሩን አመነ፤ ለመከላከያ ሳይሰጥ የቀረ የቀድሞ ቃሉም ወጣ፤ ማክሚሊያን በ1993 በነጻ ተለቀቀ። ሞንሮቪል የደራሲዋ የሃርፐር ሊ የትውልድ ከተማ ናት። በሐሰት ስለተከሰሰ ጥቁር ሰው በተጻፈው በ1960ው ልቦለዷ የምትኮራው ከተማ በገዛ ደጇ የቆመውን ተከሳሽ አላየችውም።

የመጽሐፉ ብርታት ጥፋቱን በአንድ ክፉ ሰው ላይ አለመጫኑ ነው። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጁሪውና ዳኛው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድንጋይ ያቀብላሉ፤ ግንቡ ሲያልቅ ሰውየው ከውስጥ ቀርቷል። ግንቡን ማፍረስም እንዲሁ የአንድ ቀን ንግግር ሳይሆን የዓመታት ንባብ ነው። ስቲቨንሰን ትረካቸውን የሚጀምሩትም ከድል አይደለም። በ1983 የሃርቫርድ የሕግ ተማሪ ሳሉ ለአንድ የሞት ፍርደኛ «በሚመጣው ዓመት አትገደልም» የሚል መልእክት እንዲያደርሱ ተልከው ነበር። እስረኛው በዚህች ቃል ተደሰተ፤ ሚስቱና ልጆቹ ያለ ስጋት ሊጠይቁት ነውና። ተማሪው የሕግን ትርጉም ከክፍል ውጭ አገኘው።

በ2019 በዴስቲን ዳንኤል ክሬተን የተዘጋጀው ፊልም ይህን ጥልቀት በከፊል ብቻ ይዞታል። ጄሚ ፎክስ ማክሚሊያንን ሲጫወት ንዴቱን በዝምታ አምቆ መያዙ ያስመሰግነዋል። ፊልሙ ግን ወደ ነጻነቱ ደስታ ይቸኩላል። መጽሐፉ ከዚያ ወዲያም ይሄዳል፤ ማክሚሊያን በስተርጅና አእምሮው ሲዳከም ከሞት ፍርደኞች ክፍል ዳግም የተመለሰ ይመስለውና እንዲያስወጡት ጠበቃውን ይለምናል። በ2013 አረፈ። በሩ ተከፈተ ማለት እስሩ አበቃ ማለት አለመሆኑን ከዚህ ምዕራፍ በላይ የሚናገር የለም።

መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። የማክሚሊያን ታሪክ ከሌሎች ጉዳዮች ጋር እየተፈራረቀ ስለሚቀርብ የትረካው ፍሰት ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ደራሲው ከተራኪነት ወደ ሰባኪነት ያልፋሉ። የሟቿ ቤተ ሰብ ሐዘንም ከሚገባው ያነሰ ስፍራ አግኝቷል።

ይሁንና መቆራረጡ ዋጋ አለው። በመካከል የሚገባው የኸርበርት ሪቻርድሰን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ የቬትናም ዘማች ያጠመደው ቦምብ አንዲት ልጅ ገድሏል፤ ጥፋተኛ ነው፤ በ1989ም የሞት ቅጣቱ ተፈጸመበት። ጠበቃው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልተለየውም። ንጹሑን ብቻ የሚሟገትለት ጠበቃ ንጹሑን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ ማክሚሊያን ግን በሕግ ፊት ለዓመታት ወንጀለኛ ነበር። የሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን መቆም ሌሎች መጻሕፍት በክርክር የሚደክሙበትን ነገር በሁለት ሰዎች ዕጣ ያስረዳል። ለሕግ ተማሪም ለተራ አንባቢም መጽሐፉ የሚተርፈው በዚህ ነው።